የኮቱ ጀርባ

ክፍሉ ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት ብርሃኑን ነው። የፎቶ አንሺ ነገር! ሰው ታስሮ ሲገባ የሚተኛበትን ቦታ ያያል፤ እኔ ከግድግዳው አናት፣ ሽቦ ከተመታባት ትንሽ መስኮት፣ በሰያፍ የሚወርደውን የጠዋት ፀሐይ አየሁ። ለጉርድ ፎቶ ከዚያ የተሻለ ብርሃን አይገኝም። ሽታው ከዚያ በኋላ ነው የመጣው፤ የእርጥብ ብርድ ልብስና የሽንት ባልዲው።

ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ካቦዋ፣ የክፍሉ አለቃ ማለት ነው፣ ከቢስቲማ የመጡ ግዙፍ ሴት ነበሩ፤ ኮምቦልቻ ላይ ሰልባጅ ልብስ ሲሸጡ ኮንትሮባንድ ነው ተብለው የተያዙ።

«የበሽተኞቹን ፎቶ የሰቀልሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ያረቢ! በይ እዚያ ጥግ።»

ጥጉ ባልዲው አጠገብ ነው። ጠርዟ የተሸረፈ ሰማያዊ ኩባያ ወረወሩልኝና ከሷ ሌላ እንዳልነካ አስጠነቀቁኝ። ወሬ ከእኔ ቀድሞ ገብቶ ነበር፤ እነሱን ያነሳች ራሷም በሽታው አለባት ብለው ጨርሰዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደሴ ላይ ከአባቴ የወረስኩት ፎቶ ቤት አለኝ። በሩ ጀርባ አንድ ጥቁር ኮት ተሰቅሏል። ለመታወቂያ ከገራዶና ከደሴ ዙሪያ የሚመጣ ገበሬ፣ ለፈተና ጉርድ ፎቶ የተጠየቀ ተማሪ፣ ሙሽራም ሳይቀር ይለብሰዋል። ለሁሉም ሰፊ ስለሆነ ከኋላ በልብስ መቆንጠጫ ሰብስበን እናጠብበዋለን። ከፊት ሲያዩት ለሰውዬው ተለክቶ የተሰፋ ይመስላል። ጀርባውን የሚያውቀው አንሺውና ተነሺው ብቻ ነው።

አንድ ቀን አንዲት የገራዶ ሴት ፎቶ ተነስታ ኮቱን ስታወልቅ፣ ተራ የሚጠብቅ ጎልማሳ «እሷ የለበሰችውንማ አልለብስም፤ ኤች አይ ቪ አለባት» አለ። ጮክ ብሎ! ሴትዮዋ ኮቱን አጥፋ፣ ወንበሩ ላይ አስቀምጣ፣ ወጣች። ደሜ ፈላ። ሰውዬውን ፎቶህን ሌላ ቦታ ተነስ ብዬ አስወጣሁት፤ ቤቷን አፈላልጌ ሄድኩና «እህቴ፣ ኮቱን እንደገና ልበሽና አገር ይይሽ» አልኳት። እሷም እንደሷ ቫይረሱ ያለባቸውን ሌሎች አመጣች። ሁሉም በገዛ ፈቃዳቸው፣ ፊታቸውን ሳይሸፍኑ፣ ያንኑ ኮት ለብሰው ተነሱ።

በመጨረሻ አንድ ልጅ መጣ። «እኔ ቫይረሱ የለብኝም፤ ግን ኮቱን ከሚከለከሉት ወገን ነኝ» አለኝ። ፊቱን ባሳየው ከቤቱ አልፎ ከአገሩም ይጠፋ ነበር። ስለዚህ ከኋላ አነሳሁት፣ ከነመቆንጠጫዎቹ። ከሥሩ የሚጻፈውን ራሱ ሰጠኝ፦ «ወንድ የምወድ ወንድ ነኝ። ኮቱ ለእኔም ልክ የሆነው በመቆንጠጫ ነው።»

ፎቶዎቹን ኮምቦልቻ በተከራየሁት አዳራሽ ሰቅዬ ሳሳይ፣ ሰው ያቺን የጀርባ ፎቶ እያየ መጀመሪያ ይስቅ ነበር። «ወይ ጉድ! እኔንም እንዲህ ነው ያነሱኝ?» ይላል። ከዚያ ጠጋ ብሎ ጽሑፉን ያነብና ሳቁን ይውጣል። ከሰዓት በኋላ ፖሊስ መጣ፤ ፎቶዎቹን፣ ካሜራውን፣ ኮቱን፣ እኔን ጭኖ ሄደ።

መርማሪው ወጣት ነው፤ አይጮህም። ያቺን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ይኼ ማነው? አንቺንስ ማን ነው የላከሽ?» እያለ ይመላለሳል። ባህልን ለማፍረስና ሕዝብ ለማወክ ተልእኮ ተቀብለሻል አለኝ። «ስሙን ንገሪኝና ዛሬውኑ ቤትሽ ግቢ።» ልጁን የሚያሳውቀውን ሁሉ ከካሜራው ላይ ቀድሜ አጥፍቼዋለሁ፤ የቀረው የእኔ አፍ ነበር። ብናገር ያ ልጅ አለቀለት። ጀግና ነበርኩ አልልም። ብቻ አልተናገርኩም።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ካቦዋ በዓይናቸው ተቀበሉኝ።

«በሽታው ከያዘሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?»

«የለብኝም» ብል ከባልዲው አጠገብ እነሳ ነበር። ቃሉ ጥርሴ ላይ ደርሶ የገራዶዋ ሴት ትዝ አለችኝ፤ ኮቱን ስታጥፍ። እሷን ጥግ ላይ ትቼ እኔ ልነሳ?

«ቢኖርብኝስ እትዬ?»

«እንዴት ቢኖርብኝስ ትያለሽ! ያን የፎቶ ቤትሽን ኮት ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ለመታወቂያ ለብሶታል። ከሱ በፊት ማን እንደለበሰው በምን አውቃለሁ?»

ምላሴ መቼም አያርፍም። «ሰልባጅ ሲሸጡስ፣ በፊት ማን እንደለበሰው ጠይቀው ያውቃሉ?»

አለቀልኝ ብዬ ነበር። ከወዲያ ጥግ አንዷ ፍስስ ብላ ሳቀች፤ ሌላዋ ተከተለች። ካቦዋ አፋቸውን በሻሻቸው ያዙ፤ ሆዳቸው ግን ተንቀጠቀጠ።

«ወላሂ አልጠየቅሁም! ፈረንጅ ይልበሰው ጅን!»

ሳቁ ሲበርድ ብርድ ልብሳቸውን እየጎተቱ ወደ ጥጌ መጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስሚኝ ልጄ። የዚያን ልጅ ስም እንዳትነግሪኝ። ፖሊሶቹ አውጣጪልንና እንፈታሻለን ብለውኛል።»

ፊቴን ወደ እሳቸው አዞርኩ።

«የልጁ ነገር አይገባኝም፤ አልዋሽሽም» አሉ። «ግን ሰው አሳልፎ ሰጥቶ ቤት መግባት ደግሞ የባሰ አይገባኝም።»

በማግሥቱ ሁለታችንንም ጠሩን። ፎቶው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ኮቱም ወንበር ላይ ተጥሏል።

«እማማ፣ ነገረችዎት?» አለ መርማሪው።

ካቦዋ ፎቶውን አነሱና ክንዳቸውን ዘርግተው አራቁት። «ምን ትነግረኛለች? እኔው አውቀዋለሁ።»

መርማሪው ጠጋ አለ።

«ባለቤቴ ነው» አሉ። «ይኼን ጀርባ ስንቱን ገበያ ተከትዬዋለሁ!»

መርማሪው የአገሩ ልጅ ነው፤ የት እንደሚይዛቸው ያውቃል። «እስቲ ወላሂ ይበሉ።»

በወላሂ የሚቀልድ ሰው እኛ ዘንድ የለም። ካቦዋ ፎቶውን አስቀመጡና ኮቱን አንስተው ጀርባውን በመዳፋቸው አለሰለሱት። ከዚያ ቀና አሉ።

«ወላሂ፣ ባለቤቴ ይኼን ኮት ለብሶ፣ ከኋላው በመቆንጠጫ ተይዞ፣ ፎቶ ተነስቷል። ዛሬ ያለው መቃብር ነው። ሂድና ያዘው!»

«ከሥሩ የተጻፈውንስ ያውቃሉ? ሰው ባልሽ እንዲህ ነበር ቢልዎትስ?»

«ይበል! እሱ እንደሁ አይሰማ። እኔም ከሰልባጅ ሌላ የሚቀማኝ የለኝም፤ እሱንም ወስዳችሁታል።» ኮቱን ወደ መርማሪው ገፋ አደረጉት። «አንተስ ብትሆን፣ ይኼን ለብሰህ አታውቅም?»

መርማሪው ጆሮው ቀላ። ቃል የሚጽፈው ፖሊስ ሳቁን ለመደበቅ ኮምፒውተሩ ላይ አጎነበሰ፤ በኋላ ግን የተባለውን ቃል በቃል ጻፈው።

ክፍላችን ስንገባ ካቦዋ ሰማያዊዋን ኩባያዬን ከጥጉ አነሱ። ከጀሪካኑ ሞሏት። በተሸረፈው ጠርዝ በኩል ጠጡና ላጠገባቸው አቀበሉ።

«ጠጡ። አብሽሩ፣ አትሞቱም።»

ኩባያዋ ክፍሉን ዞራ ወደ እኔ ስትደርስ ባዶ ነበረች። በደስታ አለቀስኩ፤ አላፈርኩበትም።

እኔ ሰንብቼ በዋስ ወጣሁ፤ ክሱም ሳይመሠረት ቀረ። እሳቸው ከእኔ በኋላ ቆዩ፤ የዚያ ቃላቸው ዋጋ ነበር። ይኼን መቼም አልረሳውም።

ዘንድሮ ከገበያ መልስ ፎቶ ቤቴ ከች አሉ። ኮቱ ከፎቶዎቹ ጋር ተመልሶልኝ በሩ ጀርባ እንደ ዱሮው ተሰቅሎ ነበር።

«አንሺኝ» አሉ። «ከኋላ።»

ኮቱን አለበስኳቸው። ጥብቅ አለባቸው፤ ትከሻው ሊተረተር ምንም አልቀረው። «እትዬ፣ ለእርስዎስ መቆንጠጫ አያስፈልግም» አልኳቸው።

ዞረው አፈጠጡብኝ። «አድርጊልኝ እንጂ! ያ ልጅ ብቻውን ነው እንዴ የሚቆነጠጥ?»

አደረግሁላቸው። ዛሬ የፎቶ ቤቴ መስታወት ላይ ሁለት ጀርባ፣ የልጁና የእሳቸው፣ ጎን ለጎን ተሰቅሏል፤ ከሥራቸው ምንም አልተጻፈም። የሚያልፍ ሁሉ መቆንጠጫውን አይቶ ይስቃል፤ አንዳንዱም ገብቶ እኔንም እንደዚያ አንሺኝ ይላል። ባለፈው ደግሞ አንድ ልጅ መጥቶ ፊት ለፊታቸው ቆመ። ወጥቼ አጠገቡ ቆምኩ።

«ይቺኛዋ ማናት?» አለኝ።

«ባሌ ነው ብለው የተሟገቱልህ ናቸው።»

ፎቶውን ትክ ብሎ አየ። ከዚያ ገባ፣ ኮቱን ራሱ አወረደና ለበሰ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ወደ ካሜራው ዞረ።

«አሁን ከፊት አንሺኝ» አለ።