ግድግዳው ላይ የተሰመረው ቁመት

ጂንካ ውስጥ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እመራ በነበረበት ዘመን፣ ወጣቶች ዕድሜያቸው በቁመታቸው እየተገመተ ለብሔራዊ ውትድርና ይታፈሱ ነበር። እኔም በዚያው ሰሞን የተማሪዎቼን ጤና ላስመረምር ተነሣሁ። በዩኒቨርሲቲ የተማርሁት ግልጽ ነበር፤ የልጅ ዕድገት የሚታወቀው ቁመቱና ክብደቱ ተለክቶ ነው። የከተማው ጤና ጣቢያ ድሬሰር፣ ቁስል የሚያጥበውና መርፌ የሚወጋው ባለሙያ፣ ሚዛን ይዞ መጣ። የቁመት መለኪያ ስላልነበረው፣ በአራተኛ ክፍል ግድግዳ ላይ በጠመኔ ከታች እስከ ላይ መስመር አሰመርሁ።

በማግሥቱ የመጡት ትንንሾቹ ብቻ ነበሩ። እርሻ ሲያግዙ ቆይተው ዘግይተው የገቡ፣ አራተኛ ክፍል ሆነው ጢም የሚያበቅሉ ተማሪዎች ነበሩን፤ ከእነርሱ አንድም አልመጣም። ከመጡትም ዘለግ ያሉት ግድግዳው ዘንድ ሲደርሱ ጉልበታቸውን ሸብረክ ያደርጋሉ። ቀጥ በሉ ስላቸው ይብሱን ያጥራሉ። መምህራኑም እንዲመረመሩ ብጠይቅ፣ የስፖርት መምህሩ ሚዛኑን በሩቁ እያየ፣ “እኔ እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ አጥሬአለሁ፤ አይድከሙ” አለኝ። ሌሎቹ ሳቁ፤ ሲስቁ ግን ዐይናቸው ከድሬሰሩ አልተነቀለም። ከዚያ ወዲያ እኔም ለቀበሌ ወሬ ያቀብል ይሆን እያልሁ ሰውየውን በጎን አየው ጀመር።

ከቀሩት ተማሪዎች አንዱ ያስጨንቀኝ ነበር። ከክፍሉ ሁሉ ረጅሙ የአሪ ብሔረሰብ ልጅ ነው፤ ወባ ተመላልሶበት ጣፊያው ከማበጡ የተነሣ ሸሚዙ አልቆለፍ ብሎት ነበር። ቅዳሜ እናቱን፣ ከገበያ ስትመለስ፣ በከተማው መካከል ባለው የአውሮፕላን ማረፊያ ሣር ላይ አገኘኋት። ልጇ አልዱባ ወደሚባለው መንደር፣ ዘመድ ዘንድ እንደ ሄደ ነገረችኝ። አላመንኋትም፤ አለማመኔንም ዐወቀች። ሳይታከም ቢከርም ሊሞት እንደሚችል ስነግራት ሸክሟን ሳታወርድ ሰማችኝ።

“ጋሼ፣ በሽታው ሆዱ ውስጥ ነው። አንተ አናቱ የት እንደሚደርስ ለምን ትለካለህ?”

ስለ ዕድገት ላስረዳት ጀምሬ ተውሁት።

ሰኞ ጠዋት የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይጠራ መጣ። ለተማሪዎች ጤና በማሰቤ አመሰገነኝና አራተኛ ክፍል ገብቶ ከግድግዳው ፊት ቆመ። ከትከሻው በላይ ያለችውን መስመር በጣቱ ነካ።

“ጓድ ዳይሬክተር፣ እዚህ የሚደርሱት እነማን ናቸው?”

“ገና አልተለኩም።”

“ሲለኩ እንሰማለን” ብሎ ወጣ።

ስለ መስመሩ ማን እንደ ነገረው አላወቅሁም። ድሬሰሩ አንገቱን ደፍቶ ሚዛኑን ይወለውል ነበር። ጨርቅ አርሼ ግድግዳውን ራሴ አጠብሁ፤ ከእንግዲህ ሆድ፣ ዐይንና ቆዳ ብቻ እንዲታይ አዘዝሁ። ድሬሰሩ ምክንያቱን አልጠየቀኝም። አለመጠየቁ ጥርጣሬዬን አባሰው፤ ነገር ግን ሌላ ሐኪም አልነበረንም። ለእናትየውም መስመሩ መጥፋቱን ሰው ልኬ አስነገርኋት።

ከቀናት በኋላ መጣች። መጀመሪያ ብቻዋን ገብታ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ከዚያ ልጇን ጠራች። ልጁ በሩን ሲያልፍ ጉልበቱን ሸብረክ አደረገ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተጋድሞ ሆዱ ሲታይ፣ እርሷ በድሬሰሩና በበሩ መካከል ቆማ ጠበቀች። የወባ ክኒኖቹንም ከድሬሰሩ እጅ አልቀበልም አለች። እኔ ተቀብዬ ብዘረጋላትም እጇን አላነሣችም።

“መጀመሪያ አንተ ቅመስ” አለችኝ።

አንዱን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ያለ ውኃ ዋጥሁ። ፊቴን ለረጅም ጊዜ ስትመለከት ቆየች። ከዚያ የቀረውን ግማሽ ለልጇ አጉርሳ፣ ሌሎቹን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ በጓሮ በር ይዛው ወጣች።