አንቱታ ያበላሸው በርጩማ

ባሌ መሥሪያ ቤቱን ትቶ አናጢ ሊሆን መወሰኑን የነገረኝ ጥርሱን እየቦረሸ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ቁጭ ብሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ይናገራል። እሱ ግን አፉን ተጉመጥምጦ፣ "ስብሰባ ላይ ሰዎቹ ሲናገሩ እኔ የማየው ጠረጴዛውን ነው" አለኝ። "ማን ሠራው፣ እግሩስ እንዴት ተገጠመ እያልኩ አስባለሁ። ከዚያ 'እርስዎስ ምን ይላሉ?' ይሉኛል።"

"አንተስ ምን ትላለህ?"

"እስማማለሁ እላለሁ።"

የመምሪያ ኃላፊ ነበር። ፀጉሩ የሸበተው እዚያው ወንበር ላይ ነው። ቤታችን ውስጥ የተሰበረ ነገር ሁሉ በእጁ አልፏል፤ ያልተሰበረውንም ቢሆን ካልነካካው እንቅልፍ አይወስደውም። ስለዚህ ፈራሁ እንጂ አልገረመኝም። እናቱ ግን የሰሙ ዕለት ራሳቸውን ይዘው፣ "በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይኼ ነው! ሰው እንዴት ወንበሩን ጥሎ ወንበር ሊሠራ ይሄዳል?" አሉ። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ጓዳ ገባሁ።

መሥሪያ ቤቱ የአንድ ዓመት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ሰጠው። ዓመቱ ሲያልቅ ወይ ይመለሳል፣ ወይ ወንበሩ ለሌላ ይሰጣል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ባሌ ማወቅ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እጁ እንጨት ይችላል ወይስ አይችልም?

የሚያስተምረው አናጢ ከቤታችን ብዙ ሳይርቅ፣ ቆርቆሮ ጣራ ባለው ጠባብ ክፍል የሚሠራ፣ ከባሌ በዕድሜ የሚያንስ ሰው ነው። በሙያው አንቱ የተባለ ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ይኼ ሰው ከዓመታት በፊት የሥራ ፈቃድ ሊያወጣ መጥቶ ከባሌ ጠረጴዛ ፊት ቆሟል። ባሌ አያስታውሰውም፤ እሱ ግን ባሌን አልረሳውም። እናም ያ ኃላፊ "እንጨት ሥራ አስተምረኝ" ብሎ ሲመጣበት የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ኮቱን ተቀብሎ መስቀያ ፈለገለት። መጋዝ ሲያቀብለው እንኳ በሁለት እጁ ነው።

ባሌ በየቀኑ ሰጋቱራ ለብሶ ይመጣል፤ እኔ ደጅ አቁሜ አራግፈዋለሁ። "ዛሬስ ምን አለህ?" እለዋለሁ። "'ጥሩ ነው ጋሼ፣ ይበርቱ' አለኝ።" በማግስቱም ይበርቱ። በሳምንቱም ይበርቱ። "ሰውዬው ሙያ ነው የሚያስተምርህ ወይስ ምርቃት?" አልኩት። ሳቀ፤ ግን ዓይኑን ሳየው መጠርጠር ጀምሯል።

ከዚያ የበርጩማዎቹ ጉዳይ መጣ። አንድ ትምህርት ቤት በርጩማዎች አዝዞ ስለነበር አናጢው ጥቂቶቹን እንዲሠራ ለባሌ ሰጠው። ጨርሶ የመጣ ዕለት ደስታው ለብቻው ነበር። ቤት ሲደርስ መነጽሩን እንደረሳ ትዝ ብሎት ተመለሰና ምን ቢያይ ጥሩ ነው? አናጢው ተንበርክኮ የእሱን በርጩማዎች እግር በእግር እየፈታ፣ እንደ አዲስ ይገጥማቸዋል። ባሌ ድምፅ ሳያሰማ፣ መነጽሩንም ሳይዝ ተመልሶ መጣ።

ሶፋው ላይ ቁጭ አለ። "እስከ ዛሬ የሠራሁት ሁሉ የሱ ሥራ ነው" አለኝ። "እኔ ለካ እዚያም ኃላፊ ነኝ።" ባሌ ሲያዝን አይጮህም፤ ድምፁ ነው የሚያንሰው። አንጀቴን በላው። አናጢው ደግሞ ጥርሴ ውስጥ ገባ።

በማግስቱ ጠዋት አብሬው ወጣሁ። "አንቺ ደግሞ የት ነው?" አለኝ። "መንገዴ ነው" አልኩት፤ መሥሪያ ቤቴ እውነትም በዚያው በኩል ነው። ዎርክሾፑ በር ላይ ቆምኩ።

"ትናንት ስትፈታው የነበረው የኔን ነው?" አለው ባሌ፣ ሰላም እንኳ ሳይለው።

አናጢው እጁን በሽርጡ ጠረገ። "ትንሽ ላስተካክለው ብዬ ነው፣ ጋሼ።"

"ትንሽ? አንድ እግር እንኳ አላስቀረህልኝም እኮ።"

"ታዲያ እርስዎን ምን ልበል? ፊትዎ ቆሜ ፊርማ የለመንኩ ሰው ነኝ። 'አበላሹት' ልበልዎት? አፌስ እሺ ይለኛል?"

"ስማኝ" አለ ባሌ። "እዚያ ቤት ያን ሁሉ ዘመን ስሠራ አበላሸህ ያለኝ ሰው የለም። ሁሉም ነገር 'ጥሩ ነው' ነው። እሱን ሸሽቼ ነው አንተ ጋ የመጣሁት። አሁን መሥሪያ ቤቴ መልስ ይጠብቃል። ልመለስ ወይስ ልቅር? ካንተ በቀር የሚነግረኝ የለም። በናትህ ይሉኝታህን ተውልኝ።"

አናጢው አንድ ጣውላ እንጨት በሚይዘው ሞርሳ ላይ አሰረና መላጊያውን ሰጠው፤ በአንድ እጁ። "እሺ፣ ይላጉ... ላግ። አንተ... ጋሼ።" እኔ ሻርፔን አፌ ላይ ያዝኩ።

ባሌ ላገ። መጀመሪያ ደህና ሄደለት። ጣውላውን አዙሮ ከወዲያኛው ጫፍ ሲገፋ ግን እንጨቱ ተቦጨቀ።

"አንተ ሰውዬ!" ብሎ ጮኸ አናጢው። "እንጨቱን ገደልከው እኮ! ዓይንህ የት ነው ያለው? የእንጨቱ ጭረት እንደ ፀጉር ወደተኛበት ግፋው፣ አታቁመው ብዬ ስንቴ ልንገርህ?"

"አንዴም አልነገርከኝም" አለ ባሌ።

አናጢው ግንባሩን በመዳፉ መታ። "እውነትህን ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ለካ በሆዴ ነው ስነግርህ የከረምኩት።"

እኔማ ባሌ ላይ ሲጮህበት ደሜ ፈልቶ አንድ እግሬን አስገብቼ ነበር። የባሌን ፊት ሳይ መለስኩት። ፊቱ እንዲያ ፈክቶ ካየሁት ቆይቼ ነበር።

"እጅህ መጥፎ አይደለም" ሲል ቀጠለ አናጢው። "ፊርማ የለመደ እጅ ስለሆነ አንዴ ጭሮ ማለፍ ይወዳል። እንጨት ደግሞ ይኼን አይወድም። ካልቸኮልክ ትችላለህ። ከቸኮልክ ግን ነገ ዛሬ ሳትል ወደ ወንበርህ ሂድልኝ፣ ጣውላ አትጨርስብኝ።"

የሚጠላህ ያስቅሃል፣ የሚወድህ ያስለቅስሃል ይባላል። ከዚያ ወዲያ ባሌ ያልተሰደበበት ቀን የለም። ራት ላይ ተቀምጦ፣ "ዛሬ ደግሞ 'ይኼ መጋጠሚያ ነው ወይስ የአይጥ ጉድጓድ?' አለኝ" እያለ እንደ ሹመት ያወራልናል። እናቱ "ማን አባቱ ነው ልጄን የሚሰድበው!" ብለው ነጠላቸውን አነሡ፤ በስንት ልመና አስቀመጥናቸው። በርጩማዎቹን ራሱ ፈትቶ፣ ራሱ መልሶ ገጠማቸው። ዓመቱ ሲያልቅ መሥሪያ ቤቱ ሄደና ወንበሩን ለሌላ እንዲሰጡ ነገራቸው። አልዋሽም፣ የዚያን ዕለት ሆዴ ባባ፤ ልጆቻችንን ያሳደገ ወንበር ነው።

በቀደም ከሥራ ስመለስ ጎራ አልኩ። አንዲት ሴት አዲስ የተሠራ የኮመዲኖ መሳቢያ ታወጣለች፣ ትመልሳለች፣ ደግማ ታወጣለች።

"የማን ሥራ ነው?" አለች።

"የልጁ ነው" አለ አናጢው፣ ካቀረቀረበት ቀና ሳይል። እነሱ ቤት ሥራ የሚማር ሁሉ፣ ጢም ይኑረው አይኑረው፣ ልጁ ነው።

ሴትየዋ ልታመሰግን ፈልጋ ዓይኗን በክፍሉ አዞረች። ጥግ ላይ ከቆመው ሽበታም ሰውዬ በቀር ማንንም አላየችም። "የታል ልጁ?"

ባሌ መጋዙን አስቀመጠ። እጁን ሱሪው ላይ ጠራርጎ፣ ስሙ እንደተጠራ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"እኔ ነኝ" አለ።