በሶፋ ዋጋ የተጫነው እብነ በረድ

የጭነት ደላላ በሆንኩበት የመጀመሪያ ቀን ድንጋይ በዓይኔ ተመንኩ። ከዚያ በፊት መርካቶ ውስጥ ጣቃ ጨርቅ ስሸከም ነው የኖርኩት፤ ወገቤ እምቢ ሲል አፌን ሥራ አስገባሁት። አፌ ከወገቤ ብሶ ተገኘ።

ሰናይት የምትባል ቀራፂ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ አገኘችኝ። ከክፍለ ሀገር ያስመጣችው እብነ በረድ ከአትክልት ተራ ጀርባ፣ መጋዘን ደጅ ያለ መደብ ላይ ተራግፏል። ወደምትሠራበት ግቢ መሄድ አለበት። ሳየው ባለ ሁለት ሰው ሶፋ ያህላል። የሶፋ ዋጋ ጠራሁ። ሳትከራከር እሺ አለች። መርካቶ ውስጥ ሳይከራከር እሺ ያለ ደንበኛ ካያችሁ፣ የተሳሳታችሁት እናንተ ናችሁ። ይህን እያወቅሁ ደስ አለኝ።

የጠራኋቸው ጫኞች አለቃ ዘበርጋ ከጓደኞቹ ጋር ገፋው። ንቅንቅ አላለም።

«ጋሼ ታደሰ፣ ይሄ ሶፋዎ ምን በልቶ ነው?»

በክሪክ አንስተው ከሥሩ የብረት ቱቦ አስገቡና አንከባለሉት። ግማሹ የተከራየሁት ፒክአፕ ላይ ሲደርስ የመኪናዋ የፊት ጎማዎች ከመሬት ተነሱ። ባለመኪናው ከማል ጮኸ፦

«መልሱት! ባሌስትራዬ ሊሰበር ነው! ጋሼ፣ ይሄ የአይሱዙ ጭነት ነው። ወይ የአይሱዙ ይክፈሉ፣ ወይ ልሂድ!»

መለሱት። ሰናይት ያላትን ሁሉ ለድንጋዩና እዚህ ድረስ ለማስመጣት ጨርሳለች። የመጋዘኑ ኃላፊ ደግሞ እስኪመሽ ካልተነሳ ከመደቡ ገፍቶ እንደሚጥለው ነግሯታል። ከወደቀ ይሰነጠቃል። እኔ እስከ መጋዘኑ በር ድረስ እየሄድኩ እመለሳለሁ፤ ማንም ያልደወለልኝን ስልክ አነሳለሁ።

«ልጄ፣» አልኳት በመጨረሻ፣ «ከዚህ ስንቱ ነው ሐውልት የሚሆነው?»

«ግማሹ ቢሆን ነው።»

«ታዲያ የሚጣለውን ምን አስጫነሽ? ጎመን እንኳ ውጭ ውጩ ተገፎ ነው የሚጫን!»

«ትርፉ ለመንገዱ ነው፣ ጋሼ። ቢጋጭ እሱ ይላጣል እንጂ የምቀርፃት ሴትዮ አፍንጫ አይነካም።»

ይህን እንዳለች ድንጋዩን ዙሪያውን ዞረችው። ከዚያ ከቦርሳዋ ጠመኔ አውጥታ ድንጋዩ ላይ አሰመረች። በመሮ እየበሳች፣ ሽብልቅ እየደረደረች፣ ማዕዘን ማዕዘኑን ገመሰችው። ጫኞቹ ስብርባሪውን ጠረጉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደገና አንከባለሉት፤ የፊት ጎማዎቹም መሬት ላይ ቆዩ።

«ቀስ ብዬ ከሆነ እሺ፣» አለ ከማል።

እኔና ዘበርጋ ከኋላ ተቀመጥን። አፍንጫው በሚወጣበት በኩል ትርፍ የሚባል ነገር የለም። መኪናዋ ጉድጓድ በገባች ቁጥር ዓይኔን እጨፍናለሁ። ዘበርጋ ጃኬቱን አውልቆ በድንጋዩና በብረቱ መካከል ወሸቀው። ስንደርስ ጃኬቱ ቡትቶ ሆኗል፤ ድንጋዩ ግን ደህና ነው።

የማውረጃ ክፍያ የሚባል ነገር መኖሩን ያስታወስኩት የዚያ ሰፈር አውራጆች ሲከቡን ነው። ኮሚሽኔ እዚያው ቀረ።

ድንጋይ በመልኩ አይተመንም። ክብደቱንና ማን እንደሚያወርደው ሳትጠይቁ ዋጋ አትጥሩ።

የዘበርጋን ጃኬት እስከ ዛሬ አልተካሁም። ዱባይ ተራ ባገኘኝ ቁጥር በጠራራ ፀሐይ እጁን እያፋተገ «ጋሼ፣ በረደኝ» ይለኛል።