የባለቤቴን ስም ፍለጋ ወደ ጉና

ንጋት፣ ሐሙሲት

ጎህ ሳይቀድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ባለቤቴ ደሳለኝ በጦርነቱ ከሞተ ወዲህ ከቤት ርቄ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው። አስከሬኑ አልመጣልኝም። የትውልድ መንደሩ ሰዎች በጦርነቱ ለሞቱ ልጆቻቸው ጉና ተራራ ሥር፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ሐውልት ማቆማቸውን ሰማሁ፤ ያየ ዘመድ ግን «የደሳለኝ ስም የለበትም» አለኝ። ስሙን ሳላስቀርጽ ላልመለስ ወጣሁ።

ረፋድ፣ ደብረ ታቦር

ባጃጅ፣ የተማሪ ጋጋታ፣ በጆንያ የተቆለለ ድንች። መናኸሪያው በር ላይ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ በላሁ። ወደ ጉና ለሚወስደኝ ሾፌር የመጣሁበትን ነገርኩት። ነጠላዬን አየ።

«እትዬ፣ በዚች ነጠላ ነው ጉና የሚወጡት? ብርዱ እንኳን እርስዎን መኪናዬንም ያስላታል!»

ጋቢውን አውልቆ አለበሰኝ።

ከሰዓት፣ ጉና

መኪናው ከቆመበት በእግር ወጣሁ። ገብሱ ገና አረንጓዴ ነው፤ ጉም ይሄድበታል። ሐውልቱ ከቁመቴ ብዙ የማይበልጥ ጥቁር ድንጋይ ነው። ግን ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ እዚያ ሲደርስ ሸክሙን ያወርዳል፤ ስሞቹን ድምፁን አውጥቶ ይጠራል፤ «ነፍስ ይማር» ብሎ ይሄዳል። ማንበብ የማይችሉትም በቃላቸው ያውቋቸዋል። ፈዝዤ ቆምኩ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ደሳለኝ የለም።

ደጀ ሰላሙ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ቄስ ነበሩ።

«አባቴ፣ ባለቤቴን ረስታችሁታል።»

«ክርስትና ስሙ ማን ነው?»

«ወልደ ሚካኤል።»

«እንግዲያ አለ። ጠራቢው ስማቸውን ስጡኝ ሲለን በጸሎት የምንጠራቸውን ሰጠነው። ለሞተ ሰው ሌላው ምን ያደርግለታል፣ ልጄ?»

ዞሬ አየሁ። ወልደ ሚካኤል ሦስት ቦታ ተቀርጿል።

«የኔው የትኛው ነው?»

«እሱን እኛም አናውቅ።»

ከኋላዬ የጨው ሸክሟን ያወረደች ሴት ጣልቃ ገባች። «እኔም የልጄን ለይቼ አላውቅ፣ እህት ዓለም። ሦስቱንም እጠራለሁ። አንቺ እስክትመጪ ያንቺንም ስጠራልሽ ኖሬያለሁ።»

የአባቱን ስም ጨምሩበት ልል አፌን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁት። እጄን በሦስቱም ላይ ተራ በተራ አሳረፍኩ። ድንጋዩ በረዶ ነው።

ምሽት፣ ሐሙሲት

ጋቢውን ስመልስለት ሾፌሩ «አስቀረጹለት?» ብሎኝ ነበር። «ተቀርጾ ነው የጠበቀኝ» አልኩት።

ቤቴ ገብቼ ነጠላዬን ሳላወልቅ ስሙን ሦስት ጊዜ ጠራሁ፤ አንዱን ለኔ፣ አንዱን ለዚያች ሴት፣ አንዱን ለማላውቃት።