አልረግጣትም ያላት ከተማ

ይህ የሆነው ወረዳችን ለሁለት በተከፈለበት ዓመት ነው። ጊዜው አልፏል፤ ሰውም ረስቶታል። እኔ ግን ስብሰባ ላይ «እጅ እናውጣ» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ያ ወንዝ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። ስለዚህ ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጽፈው ፈለግሁ።

በዚያን ጊዜ የወረዳው ምክር ቤት አባል ነበርኩ። የምወክላት ዋንዛን ነበር። ዋንዛ በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል፣ ከመኪናው መንገድ ገባ ብላ ያለች ትንሽ የገበያ ቦታ ናት። በካርታ ብትፈልጓት አታገኟትም፤ ለዚህ ጽሑፍ ስል የሰዉንም የአገሩንም ስም ቀይሬዋለሁ።

ወረዳችን ሲበዛ ሰፊ ነበር። አንድ ገበሬ ለመሬት ጉዳዩ ማልዶ ተነሥቶ ቢሮ ሲደርስ «ነገ ተመለስ» ይባልና ማደሪያ የሚሰጠው ዘመድ ሲፈልግ ይመሻል። ስለዚህ ወረዳው ይከፈላል ሲባል ያላጨበጨበ የምክር ቤት አባል አልነበረም። እኔም እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ጣጣው የመጣው የአዲሱ ወረዳ ማዕከል የት ይሁን የተባለ ጊዜ ነው።

የታጩት ሁለት ነበሩ፤ የእኛዋ ዋንዛና ከወንዝ ማዶ ያለችው ሸንበቆ። ሁለቱንም ከተማ የሚላቸው ሊያከብራቸው የፈለገ ሰው ብቻ ነው። ሸንበቆዎች ጤና ጣቢያ አለን፣ የጠጠር መንገድ አለን አሉ። እኛ ደግሞ ገበያችን የቆየ ነው፣ ቤተ ክርስቲያናችንም ከእነሱ በፊት የተተከለ ነው አልን። ዓመቱን ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበረም። አፈ ጉባኤው ጠረጴዛ ሲደበድብ፣ አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ሲነሣ፣ የትምህርት ቤት ጣሪያና የመጠጥ ውሃ አጀንዳ «ለሚቀጥለው ይተላለፍ» እየተባለ ይንከባለል ነበር። አንድ ጊዜማ ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም ተብለን ግማሽ ቀን ተቀምጠን ዋልንና ሻያችንን ጠጥተን ተበተንን።

ከዚያ በፊት አጠገቤ የሚቀመጡ አንድ የሸንበቆ ተወካይ ሽማግሌ ነበሩ። ከኪሳቸው ቆሎ እያወጡ ያካፍሉኝ ነበር። ጭቅጭቁ ከተጀመረ በኋላ እሳቸው ወደ ግራ፣ እኔ ወደ ቀኝ ሆንን። ሰላምታችንም እየቀጠነ ሄዶ ቀረ።

በመጨረሻ እኛ ድምፅ ሳንሰጥ ማዕከሉ ሸንበቆ እንዲሆን ከላይ ተወስኗል ተባለ።

ባለቤቴ እንየው የምክር ቤት አባል አልነበረም፤ ገበሬ ነው። ነገር ግን ሲናገር የሚደመጥ፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ፣ እልኸኛ ሰው ነበር። ወሬውን ይዤለት ስመጣ በሬዎቹን እየፈታ ነበር። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«እንግዲህ እኔ ሸንበቆን አልረግጣትም» አለ።

ጠባዩን ስለማውቅ ያልፍለታል ብዬ ነበር።

አላለፈለትም። በሚቀጥለው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የዋንዛ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተሰበሰበ። የሰበሰበው የእድራችን ዳኛ አያ ደመላሽ ነበር፤ የእንየው የልብ ጓደኛ ነው። ማንም ሰው ለገበያም፣ ለወፍጮም፣ ለቢሮ ጉዳይም ወደ ሸንበቆ እንዳይሄድ ተባለ። የሄደስ ምን ይደረግ? አንዱ «መቀጮ ይክፈል» አለ። ያን ጊዜ እንየው ተነሣ።

«መቀጮማ ያለው ከፍሎ ይሄዳል» አለ። «ሸንበቆን የረገጠ ሰው በቁሙ እሳት አይጫርለት። ሲሞት ሬሳው አይነሣለት። እኔንም ቢሆን!»

ሰዉ «ይሁን! ይሁን!» አለ። እጅ ሁሉ ወጣ። አያ ደመላሽም በታቦቱ ስም አስማለን። የደብሩ ቄስ ብቻ ነገሩን አልወደዱትም። «ልጆቼ፣ ሬሳውን እንኳ ተዉት። እኛ ፍትሐት እንፈታለን እንጂ ጉድጓድ አንቆፍርም፤ የሚቀብረው ሰው ነው» አሉ። የሰማቸው የለም።

እኔም ሸንበቆ ከሚቀመጠው ከአዲሱ ወረዳ ምክር ቤት ቅሪ ተባልኩ። ማታ ቤት ስንገባ፣ «የመረጡኝ ወንበሩ ላይ እንድቀመጥ ነው ወይስ ባዶ እንድተወው?» ብዬ እንየውን ብጠይቀው ሳቀብኝ።

«ምክር ቤት ማለት ዛሬ ያየሽው ነው» አለኝ። «ሻይ የለውም እንጂ።»

እኔም ሳቅሁ። እንየው ሲያስቅ እንደዚያ ነበር።

ዓመቱ ግን የሚያስቅ አልነበረም። አዲሱ ወረዳ ሥራ ሲጀምር የዋንዛ ጉዳይ በሙሉ ወደ ሸንበቆ ተዛወረ። የድሮው ወረዳ ቢሮ ስንሄድ «እናንተ ከአሁን ወዲያ የእኛ አይደላችሁም» ይሉናል። አዲሱ ዘንድ እንዳንሄድ ምለናል። ማዳበሪያው ሸንበቆ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ እኛ ያለ ማዳበሪያ ዘራን። መታወቂያ የሚያስፈልገው ወጣት ያለ መታወቂያ ቀረ። ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ «ይታይሽ፣ የዋንዛ ተወካይ» ተብሎ ስሜ ይጠራና ዝም ይባል እንደነበር በኋላ ነገሩኝ። አንዲት መበለት ሸንበቆ ወፍጮ ቤት ታየች ተብላ ጎረቤት ሁሉ እሳት ከለከላት፤ እንደምን ዋልሽ የሚላት እንኳ አጣች። መሐላው የምር መሆኑ ያኔ ለሁላችንም ገባን።

በኅዳር፣ ጤፍ እየታጨደ ሳለ፣ እንየው ሆዱን ይዞ ከማሳ ተመለሰ። ቁርጠት ነው ብለን ፌጦ አጠጣነው። አደረና ጠዋት ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ጋዝ እንኳ አልወጣ አለው። እንዲህ ሆኖ የሞተ ሰው ስለማውቅ ወጥቼ ጎረቤት ጠራሁ።

የሰፈሩ ጎልማሶች ቃሬዛ ይዘው ደረሱ። አያ ደመላሽም አብሯቸው ነበር። ሸንበቆ ጤና ጣቢያ ወንዙን ከተሻገሩ ቅርብ ነው፤ አምቡላንስም አለው። ወደ ቡሬ ግን ወንዙን ሳይሻገሩ ዳር ዳሩን ይዞ፣ ከዚያም ዳገቱን ወጥቶ ነው መኪና የሚገኘው። እሱም ከተገኘ ነው።

«ሸንበቆ እንውሰደው» አልኩ።

ሁሉም ወደ በሽተኛው ተመለከቱ።

«ቡሬ!» አለ እንየው ጥርሱን ነክሶ።

ተሸከሙት። ወንዙ ዳር ስንደርስ ፊቱ አመድ መስሏል። ማስታወክ ጀመረ። ላቡን ስጠርግለት ክንዴን ጨብጦ ያዘኝ።

«ይታይሽ፣ አልቻልሁም። ሸንበቆ ውሰዱኝ» አለ።

ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን አሸዋው ላይ አኖሩና እርስ በርስ ተያዩ። አያ ደመላሽ አጠገቡ ተንበረከከ።

«እንየው ወንድሜ፣ አንተው ነህ እኮ መሐላውን ያመጣኸው።»

«እኔው አነሣሁት። በቃ አነሣሁት።»

«ብቻህን አልማልኸውም። ጉባኤ የማለውን ጉባኤ ነው የሚያነሣው። ቡሬ እናድርስህ፤ እየሮጥን እናደርስሃለን።»

«አያ ደመላሽ!» ብዬ ጮህኩበት። «ሰው እየሞተ ነው!»

«እናቴ አልጋ ላይ ናት፣ ይታይሽ» አለኝ። «ዛሬ ነገ የምትባል ናት። እኔ ማዶን ብረግጥ እናቴን ማን ይቀብርልኛል?»

ምልዓተ ጉባኤ የሚባለውን ነገር በምክር ቤት ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ወንዝ ዳር፣ ባሌ መሬት ላይ ተኝቶ እያቃሰተ፣ እጠየቅበታለሁ ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩም። እውነቱን ለመናገር ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም። ጥለውት አልሄዱም። ሁለቱ ፊታቸውን አዙረው ያለቅሱ ነበር። ነገር ግን ወደ ማዶ እግሩን የሚያነሣ አንድም አልተገኘም።

ከወዲያ ማዶ አንድ ሰው በፈረስ ጋሪ ላይ አሸዋ ይጭን ነበር። ጩኸቴን ሰምቶ «ምን ሆናችሁ?» አለ። እኔ ነገርኩት። ሰውየው ሌላ ነገር አልጠየቀም። የጫነውን አሸዋ እዚያው ደፍቶ ፈረሱን ወደ ውሃው ነዳ። ስሙ ስማቸው መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ጋሪው ወንዙ መሀል ላይ ቆመ። የእኛዎቹ ቃሬዛውን አንሥተው ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገቡና እንየውን ጋሪው ላይ አጋደሙት። ከዚያ ፊታቸውን አዙረው ተመለሱ። ከሸንበቆ መሬት አንዲት ጠጠር አልረገጡም። ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ልሳቅ ወይስ ልጩህ ግራ ይገባኛል።

ጤና ጣቢያው አላስጠበቀንም። አምቡላንሱ ወዲያው ወደ ፍኖተ ሰላም ይዞን በረረ። መንገድ ላይ እንየው ዓይኑን ገልጦ አየኝ።

«ብሞት ማን ያነሣኛል?» አለ።

«ዝም በል፣ ትድናለህ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ የሚሰማ ቃል አልተናገረም። ሆስፒታል ስንደርስ አንዲት ወጣት ሐኪም ሆዱን ዳሰሰችና መቼ እንደጀመረው ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ከየት እንደመጣን ጠየቀችኝ። ይህንንም ነገርኳት። «ታዲያ እስካሁን ምን ስትጠብቁ ነበር?» አለች። አንጀቱ ዞሮ ተቋጥሮ ነበር። ለቀዶ ጥገና እያዘጋጁት ሳለ አረፈ።

በማግሥቱ ጠዋት አስከሬኑን እስከ ሸንበቆ አደረሱልን። ስማቸው ጋሪውን ይዞ መንገድ ዳር ይጠብቀን ነበር። ወደ ዋንዛ ሰው ላክሁ። የተላከው ሰው ብቻውን ተመለሰ።

«ቄሶቹ እየመጡ ነው» አለኝ። «ሌላው ሰው ግን ጉባኤ ተቀምጧል።»

መሐላው ይነሣ አይነሣ እየተባለ ነበር። አንዱ «እንየው በጋሪ ተወሰደ እንጂ መች በእግሩ ረገጠ?» ይላል። ሌላው «ለእሱ ከተነሣ ለመበለቲቱም ይነሣላት» ይላል። ሌላው ደግሞ ለአጨዳ የወጣው ሰው ሳይሟላ ምንም መወሰን አይቻልም ይላል። እኔ ሬሳ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብያለሁ። ፀሐይዋ እየከረረች መጣች። ዝንብ በነጠላዬ እከላከላለሁ።

ስማቸው አጠገቤ መጥቶ ቁጢጥ አለ።

«እትዬ፣ ቅር ካላለዎት እኛ እንቅበራቸው» አለኝ። «የእድራችን ሰው ተሰብስቧል።»

«የእናንተ እድርተኛ አይደለም እኮ» አልኩት።

«ሬሳ ናቸው እኮ፣ እትዬ» አለ።

ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው። እስከዚያ ድረስ አላለቀስኩም ነበር።

የማላውቃቸው ሰዎች ጉድጓድ ቆፈሩ። የማላውቃቸው ሴቶች ከበቡኝ። «ሟቹ ማን ይባሉ ነበር? ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብለው ጠየቁኝና በስሙ እየጠሩ አለቀሱለት። ያ ቆሎ ያካፍሉኝ የነበሩ የምክር ቤት ሽማግሌ በትራቸውን ይዘው መጥተው እንደ ድሮው አጠገቤ ተቀመጡ። የዋንዛ ቄሶች ወንዙን ተሻግረው ከሸንበቆ ቄሶች ጋር ሆነው ፈቱት። እንየው አልረግጣትም ባላት ከተማ ተቀበረ።

አፈሩ ተደልድሎ ሳያልቅ ከወንዙ በኩል የለቅሶ ድምፅ ተሰማ። ጉባኤው መሐላውን አንሥቶ ነበር። የዋንዛ ሰው ወንድ ሴት ሳይቀር ደረቱን እየመታ ዳገቱን ወጣ። ያን ቀን ዋንዛ በሙሉ ሸንበቆን ረገጣት። ያቺ መበለትም ከኋላ ነበረች። አያ ደመላሽ ሰዉን ጥሶ አልፎ እርጥቡ አፈር ላይ ወደቀ።

«መጣን፣ እንየው! መጣን ወንድሜ!» ይል ነበር።

የሸንበቆ ሰዎች አንሥተው ደገፉት። እኔ አላናገርኩትም።

በሚቀጥለው ዓመት የወረዳው አደረጃጀት እንደገና ተከለሰ ተባለ። አዲሱ ወረዳ ከድሮው ጋር ተመልሶ ተቀላቀለ። የሸንበቆው ቢሮ ታፔላው ወርዶ የእህል መጋዘን ሆነ። እኔም ወደ ወንበሬ ተጠራሁ። አንድ ጉባኤ ብቻ ተቀምጬ ለቀቅሁ። የመጀመሪያው አጀንዳ ያ «ለሚቀጥለው» ሲባል የከረመው የትምህርት ቤት ጣሪያ ነበር።

የአያ ደመላሽ እናት ያረፉት ባለፈው ዓመት ነው። ለቀብር ሄድኩ። ዋንዛ ከዳር እስከ ዳር ሞልታ ነበር፤ ሰዉ ቃሬዛውን ለመሸከም ይሻማ ነበር። አያ ደመላሽ ከሐዘኑ ከተነሣ በኋላ ሽማግሌዎች ይዞ ቤቴ መጣ።

«የእንየውን ዐፅም አፍልሰን እናምጣው፣ ይታይሽ» አለኝ። «በአገሩ ይረፍ። እኛው እንሸከመዋለን።»

«መሸከምማ ያኔ ነበር» አልኩት። «ከቀበሩት ሰዎች ጋር ይቆይ።»

አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ሰዎች በእሱ ቂም ይዛለች ይላሉ። አልያዝኩም። እሱ ወንዙ ዳር የፈራው እንየው አምቡላንስ ውስጥ የፈራውን ነው፤ ይህ ይገባኛል። እኔ የምናደደው በእንየው ነው። «እኔንም ቢሆን» ብሎ የጮኸው እሱ ነው፤ ማን አስገደደው?

በየሙት ዓመቱ ስማቸው በጋሪው ያሻግረኛል። መቃብሩ አጠገብ ተቀምጬ ይህንኑ እነግረዋለሁ፣ ጮክ ብዬ። ተመልሶ ቢመጣልኝ መጀመሪያ እስኪወጣልኝ ድረስ እጣላው ነበር። ከዚያ እራቱን አቀርብለት ነበር።