ፎቶ የለመደች በቅሎ

የጋሸና ነፋስ ሰው አያስቆምም። ደሳለ በቅሎውን ከምግብ ቤቱ በር ፊት ለፊት አሰረና ሻይ ሊጠጣ ገባ። ክፍት ቦታ የተገኘው አንዲት መንገደኛ አጠገብ ብቻ ነበር፤ የላሊበላው ሚኒባስ እስኪሞላ የምትጠብቅ፣ ሻንጣዋን በጉልበቶቿ መሃል አጥብቃ የያዘች።

"ይቀመጡ ጋሼ፤ እኔም ገና ነኝ" አለች ፈቀቅ ብላ።

ንጋት ትባላለች፤ አዲስ አበባ የምታስተምር የላሊበላ ልጅ ናት። ወገቧን እያሸች መንገዱን አማረረች። "ምን አለፋዎት፣ ባለፈው ዓመት ቁርሴን አዲስ አበባ በልቼ ለምሳ እናቴ ቤት ነበርኩ። ያ ርካሹ አውሮፕላን ቀረና ይኸው በአውቶብስ ስንገላታ!"

ደሳለ ብርጭቆውን አስቀመጠ። "እኔንም እዚህ ያመጣኝ የእሱ መቅረት ነው።"

"አንቱም ይበሩ ነበር?"

ሳቀ። "እኔ እንኳ ከታች ሆኜ ነበር የምበረው።"

ደሳለ ከወጣትነቱ ጀምሮ ላሊበላ ላይ አገር ጎብኚ እንግዳ በበቅሎ ወደ ተራራው ገዳም ወደ አሸተን ማርያም ሲያወጣ የኖረ ሰው ነው። ሀብታሙ እንግዳ መኪና አለው። የደሳለ እንጀራ ግን ቦርሳውን በገዛ ጀርባው ተሸክሞ፣ ርካሽ አልጋ አፈላልጎ፣ ለሁለት አንድ በቅሎ ተከራይቶ በየተራ በሚቀመጠው ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ይህን ዓይነቱን እንግዳ የሚያመጣው ደግሞ አንድ ትንሽ የግል አየር መንገድ ነው። ባለበቅሎዎቹም የራሳቸው ሕግ ነበራቸው፤ የአውሮፕላኑ ድምፅ ሲሰማ ቀድሞ አደባባይ የደረሰ የማግሥቱን የመጀመሪያ ተራ ይይዛል። እህል የሚያበራየው መንሹን ጥሎ ይሮጣል። ለቅሶ የተቀመጠው እንኳ ጋቢውን አስተካክሎ፣ ሰው ያየው እንደሆነ ገልመጥ ብሎ፣ ቀስ ብሎ ይወጣል።

ከዚያ ኩባንያው ከሰረ ተባለ። መጀመሪያ በረራውን ቀነሰ፤ ቀጥሎ የላሊበላን መስመር ጨርሶ ዘጋ። ሌላ አውሮፕላን መምጣቱን አላቆመም፤ ትኬቱ ግን ለደሳለ እንግዶች የሚቀመስ አልሆነም። ደሳለ ዛሬ ይመጣሉ፣ ነገ ይመጣሉ እያለ ከረመ። ድርቆሹ ሲያልቅ ሚስቱ ሙሉሃብት ቁርጡን ነገረችው። "ወይ እሷ ትብላ፣ ወይ ልጆቹ" አለች። በዚያው ሳምንት ሐመር በቅሎውን እየሳበ ወደ ጋሸና ገበያ ተነሣ።

"ከሚሸጧት ታዲያ ለምን ዕቃ አይጭኑባትም?" አለች ንጋት።

ደሳለ የተሰደበ ያህል ቀና አለ። "የኮርቻ በቅሎ'ኮ ናት መምህርት! ባገራችን የኮርቻ በቅሎ ላይ በርበሬ የጫነ ሰው ሰርግ ቤት ሳይቀር ይወራበታል።"

ይህን እያለ አንድ ገዥ በቅሎዋ ዘንድ ደረሰና ደሳለም ንጋትም ወጡ። መሐመድኑር የጋሸና የበርበሬና የጨው ነጋዴ ነው፤ ሞላ ያለ ሰውነት አለው፤ መኪና የማይገባባቸውን የገጠር ገበያዎች የሚዞርባት በቅሎ ይፈልጋል። ጥርሷን አየ፣ እግሯን ዳሰሰ፣ ወጥቶ ተቀመጠባት። ሐመሯ ሰገረች። ጀርባዋ ላይ ሻይ ቢያስቀምጡ አይፈስም። ደሳለ ዓይኑ እያየ ልቡ ለሁለት ተከፈለ፤ ትሸጥለት ዘንድም ይመኛል፣ እንዳትሸጥም።

ከገበያው ጀርባ ገደሉ አፋፍ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። ጎኗን ለገደሉ ሰጥታ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ፍንክች አልል አለች። መሐመድኑር በተረከዙ ጎሰማት። ምንም። ገበያተኛው ተሰበሰበ።

"መሐመድኑር፣ ሀገር እያስጎበኘችህ ነው!"

"ፈገግ በልላት እንጂ ሰውዬ!"

ደሳለ እየሮጠ ደረሰ። እንግዶቹ ገደል ባዩ ቁጥር ፎቶ ካልተነሣን ስለሚሉ፣ አፋፍ ላይ ጎኗን ሰጥታ እንድትቆምና "ፊኒሽ" እስክትባል እንዳትነቃነቅ ያስለመዳት እሱ ራሱ ነው። በዚህም ስንት ባለበቅሎ ቀንቶበታል። የሚሸጣት ቀን ይመጣል ብሎ መቼ አስቦ!

"ፊኒሽ በላት" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ምን?"

"ፊኒሽ። ያን ጊዜ ትሄዳለች።"

"ወላሂ በቅሎ በእንግሊዝኛ አልለማመጥም! አንድ ሳምንት አለንጋ ስትቀምስ ትረሳዋለች።"

ደሳለ ልጓሙን ጨበጠ። "ውረድ።"

ሳቁ ቀጥ አለ። መሐመድኑር እየከበደው ወረደና ልብሱን አራገፈ። የደሳለን ፊት አየት አደረገ።

"ተቆጣህ እንዴ? አብሽር፣ አልመታኋትም። እኔኮ ገደል ያዞረኛል፤ አፋፍ ላይ የምትቆም በቅሎ ለኔ አትሆንም።" ጥቂት አሰበ። "ስማ፣ አልገዛትም። በርበሬዬን ጫንባትና አንተው ንዳት። ለእሷም ለቤትህም ቀለብ አይጠፋም።"

ደሳለ የሐመሯን አንገት እያሻሸ አሰላው። ይዟት ቢመለስ ቤት ድርቆሽ የለም። ለሌላ ቢሸጣት ያው አለንጋ ነው። ንጋት ከኋላው ቆማለች፤ ምን እንደሚያስብ ገብቷታል። በመጨረሻ የኮርቻውን ጠፍር ፈታ፤ ኮርቻውንም እንደ ሕፃን አቅፎ አወረደው።

"ጭነቱን የማመዛዝነው እኔ ነኝ" አለ።

"ከፈለግህ በእንግሊዝኛ አመዛዝነው!"

ራሱ ደሳለም ሳቀ።

"ላሊበላ! አንድ ሰው!" የሚል ጩኸት ከወደ መኪናው ተሰማ። ደሳለ ኮርቻውን ተሸክሞ ንጋትን ሸኛት። ኮርቻውን ለሚስቱ እንድታደርስለት ለመናትና ቤቱ አሸተን መውጫው ሥር እንደሆነ፣ ሙሉሃብት ብትል ማንም እንደሚያሳያት ነገራት። ጣራ ላይ ይጫን ቢሉት አሻፈረኝ ብሎ ከእግሯ ሥር አስቀመጠው።

"ባለቤትዎን ምን ልበላት ጋሼ?" አለች ንጋት በመስኮት ብቅ ብላ።

"አልሸጣትም፣ ሁለቱም ሥራ አገኙ በያት።" መኪናው ሲንቀሳቀስ ደሳለ ጥቂት ተከተለው። "ኮርቻውን ደግሞ ከምድጃው አርቃ ትስቀለው፤ ሙቀት ቆዳውን ያደርቀዋል።"