ራሴን ይዤ ወደ ቡታጅራ

ከደብረ ብርሃን የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። መኪናው የሚነሳው አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኖ ሳለ እናቴ ከአሥር ሰዓት ጀምራ ለብሳ ተቀምጣ ነበር። ሻሼን ያሰረችልኝ እሷ ናት። አስራ ስትጨርስ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ሳታስበው ነው ያደረገችው፤ እኔ ግን አየኋት፣ እሷም ማየቴን አወቀች። «በይ፣ ሰው ሳይወጣ ሂጂ» አለችኝ።

ድንበር አልተሻገርኩም፣ ባሕር አላቋረጥኩም። አረብ አገር ያላችሁ እህቶቼ ይህን ስታነቡ «ይሄም ስደት ሆኖ» ትሉኝ ይሆናል። ግን ሰው ከገዛ ሰፈሩ ተደብቆ ከወጣና ማንም በማያውቀው ከተማ እንደ አዲስ ሰው ስሙን ከተናገረ፣ እኔ ሌላ ቃል አላገኘሁለትም።

ሥራዬ ፀጉር መሥራት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ከጆሮዬ ጀርባ አንድ ቦታ አሳከከኝ። ፎረፎር መሰለኝ። ከዚያ ቀላ፤ በላዩ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ነጭ ነገር ጋገረበት፤ ወደ ግንባሬ ዳርና ወደ ማጅራቴ ወረደ። ስልጠው ይደማል፣ ስተወው ይረግፋል። ሎሚ አልኩ፣ ነጭ ሽንኩርት አልኩ፤ አንዷ ደንበኛዬ ነጭ ጋዝ ብላኝ እሱንም ቀብቼ ሁለት ሳምንት ትራስ ላይ መተኛት አቃተኝ። እናቴ ጸበል ወሰደችኝ። ቀዝቃዛው ውኃ ደስ ይለኝ ነበር፤ ራሴ ግን እንደነበረ ሆነ።

አንድ ቅዳሜ ሙሽራ እየሠራሁ ጎንበስ ስል ነጩ በትከሻዋ ላይ ረገፈ። በመስተዋቱ ውስጥ አየችው። አልጮኸችም። ግማሽ ፀጉሯ እንደተሠራ ተነሳች፣ ጃኬቷን ለበሰች፣ ወጣች። ሰኞ ሰፈሩ በሙሉ «ቆረቆር አለባት» ይል ነበር። ቆረቆር ያለባት ፀጉር ሠሪ ጋ ማን ይመጣል? ወር ሳይሞላ ወንበሬ ባዶውን ቀረ። ቡታጅራ ውስጥ ፀጉር ቤት ያላት ሚሚ የምትባል ሴት ሠራተኛ እንደምትፈልግ በሰው በሰው ስሰማ ሁለቴ አላሰብኩም።

ቡታጅራ ስገባ መጀመሪያ የተጣላሁት ከፀሐዩ ጋር ነው። እኛ አገር ሻሽ ጌጥም ነው፣ ብርድ መከላከያም ነው፤ ማንም ምክንያት አይጠይቅሽም። እዚህ ከሰዓት በኋላ ሲሞቅ ከሻሼ ስር ላቡ ይወርዳል፣ ያቃጥለኛል፣ እኔ ደግሞ በደንበኛ ፊት ፈገግ እላለሁ። ቆጮውም መጀመሪያ አልሆነልኝም፤ የኮመጠጠ፣ አፍ ላይ የሚንሸራተት ነገር ሆነብኝ። የገብስ ቆሎ እያሰብኩ እውጠው ነበር። ሰዉ ግን ደግ ነው። እኛ ጋ ዙሪያውን ዞሮ የሚጠየቀውን እዚህ ፊት ለፊት ይጠይቁሻል።

ቤት ያከራዩኝ እማማ ዘነበች ናቸው፤ ከሚሚ ፀጉር ቤት ጀርባ፣ ጓሮው እንሰት በሆነ ግቢ ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት። በር ላይ አቁመው መረመሩኝ።

«ሥራሽ?»

«ፀጉር ሠሪ ነኝ።»

«እዚህ አትሠሪም።»

«አልሠራም፣ እማማ።»

«ወንድ?»

«የለም።»

«ይኑር አይኑር አላልኩም፤ እዚህ አይምጣ። ራስሽን ምን አስጠቀለለሽ?»

«ብርድ ነው።»

ቀና ብለው ፀሐዩን አዩት፣ ከዚያ እኔን። «የቡታጅራ ብርድ» አሉ፤ ፊታቸው አልፈገገም። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የሚረግፍ ነገር አለሽ?» አሉኝ።

«ምን አሉኝ?»

«የሚረግፍ።» ጨው እንደሚነሰንስ ሰው ጣቶቻቸውን አፍተለተሉ።

«የለኝም» አልኩ።

«እንግዲያው ግቢ» አሉ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር፤ ፊታቸው ላይ ያየሁት ግን ቅሬታ ነው።

እኔ ከእንቅልፌ ስነሳ ትራሴና ወለሉ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ስለዚህ ሁልጊዜ የመጀመሪያ ሥራዬ ማራገፍና መጥረግ ነው። በገባሁ በአራተኛው ቀን ስነቃ ግን ወለሉ ንጹሕ ነበር። ሲሚንቶው እርጥብ ጨርቅ የነካው ይመስል ጥቁር ብሎ ያበራል። ጠረጴዛው ላይ የተውኩት ማበጠሪያ በጥርሶቹ መካከል የነበረው ሁሉ ተለቅሞለት ተቀምጧል። በሩን አየሁ፤ መቀርቀሪያው ከውስጥ እንደዘጋሁት ነው።

ድኜ ይሆን ብዬ ራሴን ዳሰስኩ። ቅርፊቱ እዚያው አለ።

በማግስቱም፣ በተከታዩም ቀን እንዲሁ ሆነ። አንድ ማለዳ በእንቅልፌና በንቃቴ መካከል አጠገቤ የሚያንሾካሹክ ድምፅ ሰማሁ። ጉራግኛ ነው፤ አልገባኝም። ከመሃሉ የያዝኩት አንድ ቃል ብቻ ነው፦ ትርፌ።

ሥራ ቦታ ሚሚን ጠየቅኳት። «ትርፌ ማን ናት?»

ሚሚ ሹሩባ እየሠራች ነበር፤ እጇ ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

«ስሟን ሰማሁ።»

«የእማማ ልጅ ናት። አረብ አገር ሄዳ ስልኳ ከጠፋ ዓመታት አለፉ። ሞተች የሚልም የለ፣ አለች የሚልም የለ።» ከዚያ በመስተዋቱ ውስጥ አየችኝ። «ያለሽበት ክፍል የሷ ነበር።»

በነጋታው ቀድሜ ነቅቼ ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅኩ። ሊነጋጋ ሲል ከአልጋዬ ግርጌ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው መጋረጃ ተነቃነቀ። እኔ ግድግዳ መሸፈኛ መስሎኝ ነበር፤ ከጀርባው ወደ እማማ ቤት የሚያሻግር በር ኖሯል። እማማ ጫማ ሳያደርጉ፣ ትንሽ መጥረጊያ ይዘው ገቡ። ተንበረከኩና ቀስ እያሉ ጠረጉ፤ የጠረጉትን በመዳፋቸው አፈሱት። መስኮቱ ጋ ወስደው በብርሃን አዩት። ከዚያ ወደ እኔ መጡ። እጃቸው ከጆሮዬ አጠገብ ትራሱን በስሱ ሲያብስ ትንፋሼን ያዝኩ።

«ትርፌ፣ ይኸው ጠርጌዋለሁ» አሉ፣ በአማርኛ።

«እማማ፣ እኔ ሰናይት ነኝ።»

አልደነገጡም። «አውቃለሁ» ብለው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ መዳፋቸው እንደተጨበጠ ነው።

«አባቷ ‹ይረግፋል፣ ከገበታ አትቅረብ› አለ። እኔ ዝም አልኩ። ለብቻዋ በሳህን ሰጠኋት። ሁለት ዓመት ለብቻዋ በላች። እኛ ሳንነሳ ወለሏን ራሷ ትጠርግ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አላገዝኳትም። ከዚያ ሄደች።»

«ዋሽቼዎት ነበር እኮ። የሚረግፍ የለኝም ብዬ።»

«አስተሳሰርሽን አይቼ ነው ያስገባሁሽ። ሻሹን ከጆሮ በታች የሚያስር ሰው የሚደብቀው አለው።»

ከሳጥናቸው ጠርዙ የተበላ የሆስፒታል ካርድ አመጡ። ትርፌ ከመሄዷ በፊት ወልቂጤ ሐኪም አይቷት፣ መድኃኒት ጀምራ፣ አባቷ «ለማይድን ነገር» ብሎ አስቁሟት ነበር። «ነገ እንሄዳለን» አሉኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም።

በተራራው በኩል ሄድን። ደጋው ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦታል፤ የእንሰቱ ቅጠል በመስኮት ብቅ ሲል ከጉም ውስጥ የተዘረጋ ክንድ ይመስላል። አረቅጥ ላይ መኪናው ሲቆም አንዲት አሮጊት ወደ መስኮታችን ተጠጉ፤ የእማማ የሥጋ ዘመድ ናቸው።

«ዘነበች፣ ልጅሽ መጣች?»

«መጣች» አሉ እማማ።

ሴትዮዋ ረጅም ጊዜ አዩኝ። እጃቸውን በመስኮቱ አሾልከው ሻሼን ነኩና በአገራቸው ቋንቋ መረቁኝ። አይደለሁም ማለት ነበረብኝ። አንገቴን ዝቅ አድርጌ «አሜን» አልኩ። መኪናው ተነስቶ ጉሙ ሴትዮዋን ሲሸፍናቸው፣ የሌላ ሰው ምርቃት ይዤ የሸሸሁ መሰለኝ። እማማ እጄን እስከ ወልቂጤ አልለቀቁም።

ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ያለው ሰውዬ ቀና ሳይል ጠየቀ።

«ስም?»

«ትርፌ» አሉ እማማ ቀድመውኝ፣ የድሮውን ካርድ እየሰጡት።

መዝገቡን አገላብጦ አገኛት። «እዚህ እንደተጻፈው አርባ ሊሞላሽ ነው።» አየኝ። «ዕድሜ ግን አልነካሽም።»

«እኔ ሰናይት ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው።»

«ታዲያ ትርፌ የት አለች?»

እማማ ካርዱን መልሰው ወሰዱ፤ ሰውዬው እስክሪብቶውን ከደነ። «የሌላ ሰው በሽታ ወደ አንቺ አላዞርም። አዲስ ካርድ አውጪ፣ የራስሽን በሽታ ታመሚ።»

ሐኪሟ ወጣት ናት። ሻሼን ራሷ ፈታችው፤ ያለ ጓንት፣ በባዶ እጇ ራሴን ዳሰሰች። ከሦስት ዓመት በኋላ ራሴን በጣቱ የነካኝ የመጀመሪያ ሰው እሷ ናት፤ ማልቀሴን ያወቅኩት እንባው እጄ ላይ ሲወድቅ ነው።

«ሶሪያሲስ ይባላል» አለችኝ። «ቆረቆር አይደለም። ከሰው አልያዘሽም፣ ወደ ሰውም አይሄድም። በማበጠሪያም፣ በትራስም፣ በገበታም አይተላለፍም። የሰውነትሽ መከላከያ ተሳስቶ ቆዳሽን ያጣድፈዋል፤ በወር የሚለወጠው ቆዳ በቀናት ውስጥ እየተመረተ ይጋገራል። ጭንቀት ያባብሰዋል፣ ብርድና ድርቀት ያባብሰዋል፣ መላጥ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል።»

«ይድናል?»

«ይጠፋል፣ ይመለሳል። ሲመለስ አትደንግጪ፤ ወደ ነጭ ጋዝም አትሂጂ፤ ወደ እኔ ነይ።»

እማማ ጥጉ ላይ ቆመው፣ «ከገበታ መከልከል የለባትም?» አሉ።

«ማን ከለከላት?» አለች ሐኪሟ።

እማማ ወለሉን አዩ።

ሕክምናው ትዕግሥት የሚፈልግ ነው፤ እንደኔ የሆናችሁ ካላችሁ ይጠቅማችኋል። ማታ ቅርፊቱን የሚያለሰልሰውን ቅባት ተቀብቼ በፕላስቲክ ቆብ እሸፍናለሁ። ጠዋት አዲስ የተነጠፈ አስፋልት በሚሸት ሻምፖ እታጠባለሁ፤ የለሰለሰው በጥፍር ሳይቆነጠር በራሱ ይለቃል። ከዚያ ፀጉሩ በመስመር በመስመር እየተከፈለ ፈሳሹ መድኃኒት ጠብ ጠብ ይደረጋል፤ በፀጉሩ ላይ ሳይሆን በቆዳው ላይ። ብርቱ መድኃኒት ስለሆነ ሐኪሟ ካለችው ቀን አይታለፍም። የራሴን ማጅራት ማየት ስለማልችል የሚያንጠባጥቡልኝ እማማ ናቸው። የሰው ፀጉር ስከፍል የኖርኩት ሴት በእሳቸው ጉልበቶች መካከል ተቀምጬ ፀጉሬ ይከፈላል። አንዳንዴ «ትርፌ፣ አትነቃነቂ» ይሉኛል። መጀመሪያ አርማቸው ነበር። ኋላ ዝም ብዬ አለመነቃነቅ ጀመርኩ።

በሁለተኛው ወር አንድ ማለዳ እንደ ልማዳቸው ገብተው ተንበረከኩ። መጥረጊያው ወለሉ ላይ ሲሄድ ሰማሁ፤ ከዚያ ቆመ። ከአልጋው ስር አዩ፣ ትራሱን አነሱ።

«የለም» አሉ።

«አዎ፣ እማማ፣ ጠፍቷል» አልኩ፤ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

እንደተንበረከኩ ቀሩ። «እንግዲህ ምን ልጥረግ?» አሉኝ። ቀልድ አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መጋረጃው አይነቃነቅም። ግን ማለዳ ማለዳ ኮቴያቸው ከበሩ ጀርባ ደርሶ ይቆማል፤ ትንፋሻቸው ይሰማኛል፤ ከዚያ ይመለሳሉ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ግን አንዳንድ ቀን እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት ትራሴን እየፈተሽኩ፣ ትንሽ እንኳ ረግፎ ቢሆን እላለሁ።

ሥራ ቦታ ሻሼን ያወለቅኩ ቀን ለሚሚ ሁሉንም ነገርኳት። ለደንበኛ ማን እንደሚነግር ጠየቀችኝ፤ እኔው እነግራቸዋለሁ አልኳት። ነገርኳቸው። ሁለቱ አልተመለሱም። ሌሎቹ ጥቂት ቀን ወንበሩ ላይ ጠርዝ ጠርዙን ተቀመጡ፣ ኋላ ረሱት። አንዲት ከእንሴኖ የመጣች ነጋዴ ግን ሰው ሁሉ እስኪሄድ ቆይታ ነጠላዋን ከራሷ አወረደች። «የኔም ያንቺው ዓይነት ነው?» አለችኝ። እጄን በፀጉሯ ውስጥ አስገብቼ አየሁ። ሐኪም ያልሆንኩ ፀጉር ሠሪ መሆኔን ነግሬ የሆስፒታሉን መንገድ ጻፍኩላት።

ባለፈው እሑድ ለእናቴ ደወልኩ።

«ምን ትበያለሽ?» አለችኝ።

«ቆጮ።»

«ይስማማሻል?»

«መጀመሪያ ይኮመጥጣል። አሁን ሳጣው ይናፍቀኛል።»

ከኋላዋ የደብረ ብርሃን ነፋስ ይሰማል፤ የጎረቤታችን ቆርቆሮ ይንኳኳል። ራሴ ላይ ያለው በሽታ ስም እንዳለው፣ ወደ ሰው እንደማይተላለፍ ነገርኳት። በሩን ስትዘጋ ሰማሁ። ከዚያ፣ «ለፋሲካ ትመጪያለሽ?» አለችኝ።

«ትፈልጊያለሽ?»

«ምን ማለትሽ ነው? ልጄ አይደለሽም?»

የዚህን ጊዜ ከመጋረጃው ጀርባ ኮቴ ቆመ። ማለዳ አልነበረም፣ ቀትር ነው። እማማ ትንፋሻቸውን ይዘው የምመልሰውን ይጠብቃሉ። በስልኩ ውስጥ እናቴም ትጠብቃለች። እመጣለሁ ብል እማማን፣ አልመጣም ብል እናቴን እንደምጎዳ አወቅኩ።

«መልሼ ልደውልልሽ» አልኩና ዘጋሁ።

እስካሁን አልደወልኩም።